በርስቱ ውስጥ መርዝ ለተገኘበት ሰው ስለ መንገር

አንድ ሰው የሌላውን ሰው መሬት መርምሮ ከአፈሩ በታች ጤናን የሚጎዳ ነገር እንዳለ ባወቀ ጊዜ፥ ያ ዕውቀት የማን ገንዘብ ነው? የመርማሪው ነውን፥ ወይስ የባለርስቱ? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ማንም ሰው ቶሎ ብሎ ለባለርስቱ ይነገረው እንጂ ይላል። ነገር ግን መቼ ይነገረው፥ በምን ቃል ይነገረው፥ ምርመራው ገና ሳይረጋገጥ ይነገረው ወይስ እስኪረጋገጥ ይቈይ፥ የተነገረውስ ሰው ከዚያ ወዲያ ዕዳው ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፥ ቀላል የነበረው ነገር ይከብዳል። ፋብሪካ በበዛበት አገር ሁሉ ይህ ጥያቄ በየዕለቱ የሚነሣ ስለ ሆነ፥ ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ ሊተው የሚገባ አይደለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የሮማው ሊቅ ሲሴሮ ከጌታችን ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ፥ በሦስተኛው ክፍል፥ ሁለት ፈላስፎች፥ ይኸውም የባቢሎኑ ዲዮጋንስና ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ፥ ስለዚሁ ያደረጉትን ክርክር ያወሳል። ምሳሌው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ቤቱን ሊሸጥ ያስባል፤ ቤቱ ለጤና የማይስማማ፥ በየመኝታ ክፍሉ እባብ የሚወጣበት፥ እንጨቱም የበሰበሰ ነው፤ ይህንንም ከጌታው በቀር የሚያውቅ የለም። አንቲጳጥሮስ፥ ሻጩ ይህን ሳይናገር ቢሸጥ መንገድ ለጠፋበት ሰው መንገዱን ካለማሳየት የከፋ ሥራ ሠርቷል፥ ወንድሙን ዐውቆ ወደ ጥፋት መርቶታልና ይላል። ዲዮጋንስ ግን ግዛ ብሎ ያስገደደህ የለም፥ የሚገዛውን ነገር አይቶ መመርመር የገዢው ፈንታ ነው፥ ዝም ማለትና መሸሸግም አንድ አይደሉም ብሎ ይመልሳል። ሲሴሮ በመጨረሻ ከአንቲጳጥሮስ ጋር ይቆማል። ዝም ማለት ሁሉ መሸሸግ እንዳልሆነ ያምናል፤ ነገር ግን ሰውዬው የሚያውቀውን ነገር፥ ማወቅ የሚጠቅማቸው ሰዎች እንዳያውቁት ለራሱ ጥቅም ሲል የፈለገ እንደ ሆነ፥ ይህ መሸሸግ ነው ይላል። የዲዮጋንስ ቃል ግን ከሁለት ሺሕ ዓመት በኋላም ከገበያ አልጠፋም።

ከፈላስፎቹ ይልቅ ነገሩን በሥራ መልክ የሚያሳየው የኦሪት ሕግ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ14ኛው ምዕራፍ፥ ስለ ሰው ለምጽ ከተነገረ በኋላ ስለ ቤት ለምጽ ይነገራል። ብዙ አንባቢ ይህን ክፍል ያለፈ ሥርዐት ነው ብሎ ፈጥኖ ያልፈዋል። በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ምልክት ያየ ባለቤት ወደ ካህኑ ይሄዳል፤ ሄዶም ደዌ የሚመስል ነገር እንዳየ ይነግረዋል እንጂ ደዌ ነው ብሎ አይፈርድም፥ ፍርዱ የካህኑ ነውና። ካህኑም ወደ ቤቱ ከመግባቱ አስቀድሞ በቤቱ ያለው ዕቃ ሁሉ እንዲወጣ ያዝዛል፤ እርሱ ገብቶ ከፈረደ በኋላ በውስጡ የተገኘው ሁሉ አብሮ እንዳይረክስ ነው። ከዚያም ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋዋል፥ በሰባተኛውም ቀን ተመልሶ ያየዋል። ደዌው ሰፍቶ ቢያገኘው የታመሙት ድንጋዮች ወጥተው ከከተማ ውጭ ርኩስ በሆነ ስፍራ ይጣላሉ፤ ግድግዳው ተፍቆ አፈሩ ወደዚያው ይፈስሳል፤ ቤቱም በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ይጠገናል። ደዌው ዳግመኛ ቢመለስ ቤቱ ይፈርሳል፤ ባይመለስ ግን ካህኑ ንጹሕ ነው ብሎ ያውጃል፥ በሁለት ወፎችም የማንጻቱ ሥርዐት ይፈጸማል።

በዚህ ሕግ ውስጥ የበለጠ የሚያስደንቀው የዕቃው ነገር ነው። ፈራጁ የሚናገረው ቃል የባለቤቱን ሀብት እንደሚጎዳ አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህ ሊድን የሚችለው ነገር እንዲድን ጊዜ ይሰጠዋል። እውነቱን ለመሸፈን አይደለም፥ ምልክቱ በግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ ነገር ግን እውነትን መናገርና በእውነት ሰውን መድቀቅ አንድ ሥራ እንዳይሆኑ ነው። ሁለተኛውም የሰባቱ ቀን ነገር ነው። መቈየት ተፈቅዷል፥ ግን ለመቈየቱ የታወቀ ቀን አለው፤ በዚያውም በመቈያው ጊዜ ቤቱ ተዘግቶ ይጠበቃል እንጂ ሰው አይኖርበትም።

አሁን ከዚህ ሕግ ጋር በዘመናችን የሆነውን አንድ ታሪክ ማስተያየት ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በአሜሪካ፥ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፥ ናያጋራ ፎልስ በሚባለው ከተማ ላቭ ካናል የሚባል ስፍራ አለ። ዊልያም ላቭ የተባለ ሰው በ1890ዎቹ ዓመታት የውሃ ቦይ ሊያስቈፍር ጀምሮ ገንዘብ ስላጠረው ተወው። ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1953 ዓ.ም. ድረስ ሁከር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ በዚያው ጕድጓድ ከ20,000 ቶን በላይ የሚሆን የፋብሪካውን ቆሻሻ ቀበረበት፤ በላዩም አፈር መለሰበት። በ1953 ዓ.ም. የከተማው የትምህርት ቤቶች ቦርድ ቦታውን ፈለገ፤ ኩባንያውም በአንድ ዶላር ሸጠለት። በቦታውም ላይ ትምህርት ቤት ተሠራ፥ በዙሪያውም የሠራተኞች መኖሪያ ቤት በዛ።

እዚህ ላይ አንባቢው ኩባንያው ነገሩን ሸሽጎ ሸጠ ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። እንዲህ አይደለም። በሽያጩ ውል መጨረሻ መሬቱ በኬሚካል ሥራ ቆሻሻ የተሞላ መሆኑን ገዢው እንደ ተነገረው፥ ከዚህም የተነሣ ለሚመጣው ጉዳትና ሞት ሁሉ ኃላፊው ገዢው እንደ ሆነ፥ በኩባንያው ላይም ክስ እንዳይቀርብ ተጽፏል። ከአራት ዓመት በኋላም ቦርዱ ከመሬቱ ከፍሎ ለቤት ሠሪዎች ሊሸጥ ባሰበ ጊዜ የኩባንያው ወኪል በስብሰባው ተገኝቶ ይህ እንዳይደረግ ተናግሯል። እንግዲህ ተነግሯል ወይስ አልተነገረም? ዲዮጋንስ ቢጠየቅ ከሚፈለገው በላይ ተነግሯል ይል ነበር። ሆኖም በዚያ ውል የተጻፈው ቃል ሰሚውን ከአደጋ ለማዳን የተጻፈ ቃል አይደለም፤ ተናጋሪውን ከዕዳ ለማዳን የተጻፈ ነው። ለዚህም ምስክሩ፥ በጕድጓዱ ዙሪያ ቤት ገዝተው ልጆቻቸውን ወደዚያ ትምህርት ቤት የላኩት ሰዎች ያንን ወረቀት ፈጽሞ አለማየታቸው ነው። ማስጠንቀቂያው በመዝገብ ቤት ተቀመጠ፤ ልጆቹ ደግሞ በሜዳው ላይ ተጫወቱ። ቃል ሊሰማው ወደሚገባው ጆሮ ሳይደርስ ሌላ ጆሮ ሰምቶታል ተብሎ ሥራው እንደ ተፈጸመ የሚቈጠር ከሆነ፥ ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ፥ በሬውም የገባበት ሰው፥ ጕድጓዱ መኖሩን ለጎረቤቴ ነግሬአለሁ ብሎ ከኦሪት ፍርድ ሊያመልጥ ነው።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ዝናምና በረዶ በዝቶ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ባለ ጊዜ፥ የተቀበረው በርሜል ወደ ላይ ብቅ አለ፤ ቀለሙ የማይታወቅ ፈሳሽም በየቤቱ ምድር ቤት ዘለቀ። የከተማው ጋዜጠኞች ጻፉ፤ የጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤትም የቤቶቹን አየር መረመረ። በነሐሴ መጀመሪያ 1978 ዓ.ም. የክፍለ ግዛቱ የጤና ኃላፊ ያረገዙ ሴቶችና ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከአካባቢው እንዲወጡ መከረ። ሊታሰብበት የሚገባ ቃል ነው። አንድ ቤት ለሁለት ዓመት ሕፃን የማይሆን ሆኖ ለሦስት ዓመቱ ወንድሙ ይሆናል ብሎ አባት እንዴት ይተኛ? በዚያው ሳምንት ፕሬዚደንት ካርተር የአደጋ ጊዜ ዐዋጅ ዐወጀ፤ ለጕድጓዱ ቅርብ የነበሩት 239 ቤተ ሰቦችም ቤታቸው በመንግሥት ተገዝቶላቸው ወጡ። ከዚያ መስመር ማዶ ያሉት ግን እዚያው ቀሩ። የምርመራው ውጤት የተሰጣቸው ሰዎች እንደ ተናገሩት፥ በወረቀቱ ላይ የነበረው የኬሚካሎች ስምና ቍጥር ብቻ ነው፤ ቍጥሩ ለአንድ እናት ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያስረዳ ቃል አልነበረበትም። በአማርኛ ለሚጠይቅ ሰው በግዕዝ መልሶ መሄድ ይህን ይመስላል፤ መልስ ተሰጥቷል፥ ጠያቂው ግን አልሰማም።

በተቃራኒው ደግሞ ፈጥኖ የመናገር ጉዳት በዚያው ስፍራ ታየ። በ1980 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ36 ነዋሪዎች ደም ላይ ክሮሞሶም የሚባለውን የዘር ጠባይ ተሸካሚ አስመረመረ፤ ከ36ቱም በ11ዱ ላይ ጉድለት ተገኘ ተብሎ በግንቦት ወር ተነገረ። በሌላ ስፍራ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ግን ጎን ለጎን አልተመዛዘነም ነበር፤ ሳይመዛዘንም 11 ብዙ ነው ወይም ጥቂት ነው ለማለት አይቻልም። ወሬው ወደ ጋዜጣ ሊወጣ ስለ ነበረ መሥሪያ ቤቱ ሳያጣራ ለመናገር ተቻኰለ። ሕዝቡ ደነገጠ፥ ተቈጣም፤ ሁለት የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች በማኅበራቸው ቤት ለብዙ ሰዓት አግተው ያዙአቸው፤ ከሁለት ቀን በኋላም ሁለተኛ ዐዋጅ ወጥቶ የቀሩት ቤተ ሰቦች እንዲወጡ ተፈቀደ። በ1984 ዓ.ም. የታተመ፥ ከሌሎች ነዋሪዎች ጋር የተመዛዘነ ምርመራ ግን የተለየ ጉድለት አላገኘም።

እንግዲህ እስኪረጋገጥ ዝም ማለት ይሻል ነበር የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ሰው በጃፓን አገር በሚናማታ የሆነውን ይስማ። በዚያች የባሕር ዳር ከተማ ቺሶ የተባለው ኩባንያ ሜርኩሪ ያለበትን ፈሳሽ ወደ ባሕሩ ይለቅ ነበር፤ ዓሣ የሚበሉት ድኾች እጅ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ፥ ዐይናቸው እየጠበበ፥ አንደበታቸው እየተሳሰረ ይሞቱ ነበር። የኩባንያው ሐኪም ቤት አለቃ ዶክተር ሆሶካዋ በግንቦት 1956 ዓ.ም. ያልታወቀ በሽታ መነሣቱን ለመንግሥት አስታወቀ። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ከፋብሪካው የሚወጣውን ፈሳሽ ከምግብ ጋር ለድመት እየሰጠ መረመረ፤ ቍጥሩ 400 የሆነው ድመትም በዚያው በሽታ ታመመ። ነገሩ ለኩባንያው ሹማምንት ተነገራቸው። እነርሱም አንድ ድመት ማስረጃ አይሆንም ብለው ምርመራው እንዳይቀጥል ከለከሉ፤ ውጤቱም ተሸሸገ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቀን ሲቀረው ለታመሙት ጥቂት የማጽናኛ ገንዘብ ሰጥተው፥ ወደ ፊት ምክንያቱ ፋብሪካው መሆኑ ቢታወቅ እንኳ ሌላ ካሣ እንዳይጠይቁ አስፈረሙአቸው። ፈሳሹም እስከ 1968 ዓ.ም. ድረስ ወደ ባሕር መፍሰሱን አላቋረጠም። ዶክተር ሆሶካዋ በ1970 ዓ.ም. በነቀርሳ ታሞ ሊሞት በተቃረበ ጊዜ፥ በአልጋው ላይ ሳለ ስለ ድመቱ ለዳኞች መሰከረ።

ከነገሩ ጦም እደሩ የሚለው ብሂል ለብዙ ብልህ ሰው መጠጊያ ነው፤ ለሆሶካዋም ለዐሥር ዓመት ሆኖለት ነበር ማለት ይቻላል። በእርሱ ላይ ለመፍረድ ግን መቸኰል አይገባም፤ እንጀራው ከኩባንያው ነበረና፥ በመጨረሻም ተናግሯል። አንድ ድመት ማስረጃ አይሆንም የተባለውም በሥነ ጥበብ ዐይን ሲታይ ሐሰት አይደለም። ክፋቱ አንድ ድመት ካልበቃ ሁለተኛው፥ ሦስተኛው ይመርመር በማለት ፈንታ ይቁም መባሉ ላይ ነው። እርግጠኛ ለመሆን የሚቈይ ሰው እርግጠኛ ለመሆን ይሠራል፤ የሚቈይበትንም ቀን ይናገራል። ካህኑ ቤቱን ዘግቶ ሲሄድ ባለቤቱ በሰባተኛው ቀን እንደሚመለስ ያውቃል። ሹሙ እየመረመርን ነው ብሎ ቀን ሳይቈርጥ የሄደ እንደ ሆነ ግን፥ ባለቤቱ በተዘጋ ቤት ፊት ቆሞ ሳይሆን በተከፈተ ቤት ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። ስለዚህ በላቭ ካናል የተሠራው ስሕተት ያልተረጋገጠውን መናገር አይደለም፤ ያልተረጋገጠውን እንደ ተረጋገጠ አስመስሎ መናገር ነው። ይህን አገኘን፥ ይህን ገና አላወቅንም፥ በዚህ ቀን እንነግራችኋለን ማለት ይቻል ነበር። ሰው ይህን መሸከም አይችልም፥ ይደነግጣል የሚሉ ሹማምንት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በላቭ ካናል ሰውን ያስቈጣው ካለማወቁ ይልቅ ሌሎች ስለ እርሱ ቤት እያወቁ እርሱ የመጨረሻ ሰሚ መሆኑ ነው።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ሳያስታውቅ ገብቶ አፈሩን ቈፍሮ ለምርመራ ወስዶ የሄደ ሰው፥ ሐሳቡ በጎ ቢሆንም አጥሩን ነቅንቋል፤ ያገኘውን ሳይነግር የቀረ እንደ ሆነ ግን ባለቤቱን ራሱን ንቋል።

የአነጋገሩ ነገር ደግሞ ከቃል ውጭ ሊሆን ይችላል። በባንግላዴሽ፥ የኩሬና የወንዝ ውሃ ሰውን በተቅማጥ ስለ ፈጀ፥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሚሊዮን የሚቈጠር የቧንቧ ጕድጓድ ተቈፈረ፤ በ1990ዎቹ ግን ከብዙዎቹ የሚወጣው ውሃ አርሴኒክ የሚባለው መርዝ እንዳለበት ታወቀ። ከዚያ በኋላ ከ4 ሚሊዮን በላይ ጕድጓዶች ተመርምረው፥ በአንድ ሊትር ከ50 ማይክሮግራም በላይ አርሴኒክ የተገኘበት ቧንቧ ቀይ፥ ከዚያ በታች የሆነው አረንጓዴ ቀለም ተቀባ። ማንበብ የማትችል ሴት ውጤቱን በዐይኗ አነበበች፤ ለጎረቤቷም አስነበበች። በኦሪቱ ግድግዳ ላይ የነበሩት ሁለቱ ቀለሞች እዚህም መገኘታቸው አጋጣሚ ነው። ቀለሙ ግን የሚጎዳው ነገር አለው፤ ቧንቧው ቀይ የሆነበት ቤት በመንደሩ ሁሉ ፊት ምልክት ተደረገበት፥ ባለቤቱም ውሃ ለምኖ ወደ ጎረቤት ሄደ። ለባለቤቱ በጆሮው ቢነገረው ክብሩ ይጠበቅለት ነበር፤ ከዚያ ጕድጓድ የሚቀዳው ጎረቤት ግን አያውቅም ነበር። እዚህ ላይ ክብር ለሕይወት ይለቅ ከማለት በቀር ሌላ መልስ ያለ አይመስልም። በኢትዮጵያም በስምጥ ሸለቆ በብዙ ጕድጓድ ውስጥ ፍሎራይድ ከመጠን በላይ እንደሚገኝ፥ ጥርስን እንደሚያበላሽ፥ ሲበዛም አጥንትን እንደሚያጎብጥ የታወቀ ነው፤ ያ መርዝ ሰው የቀበረው ሳይሆን ከምድሩ የመጣ ቢሆንም፥ የጕድጓዱን ውሃ የመረመረ ሰው ያለበት የመንገር ዕዳ ያው ነው።

አሁን ደግሞ የተነገረው ሰው ነገር ይቀራል፤ ይህም ከሁሉ የከበደ ነው። የአንድ ሠራተኛ ሀብት ቤቱ ብቻ ሲሆን፥ ለባንክም ገና ዕዳውን ሲከፍል፥ መርዙ ጤናውን ከመውሰዱ በፊት ወሬው የቤቱን ዋጋ ይወስድበታል። ስለዚህ ባትነግሩኝ ይሻለኝ ነበር የሚል ባለቤት አለ፥ ይህን ማለቱም እብደት አይደለም። ቢሆንም ቤቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ልጁ፥ ተከራዩ፥ ነገ የሚገዛውም ሰው አለ። እርሱ ባያውቅ ንጹሕ ነበር፤ ካወቀ ግን በሲሴሮ ምሳሌ ውስጥ እንዳለው ሻጭ ሆነ። የአሜሪካ መንግሥት በ1992 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ከ1978 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ቤት የሚሸጥ ወይም የሚያከራይ ሰው፥ በቀለሙ ውስጥ ስላለው እርሳስ የሚያውቀውን ሁሉ እንዲናገር አስገድዷል፤ ለገዢውም 10 ቀን የመመርመሪያ ጊዜ እንዲሰጥ አዝዟል። ያወቀውን እንዲናገር እንጂ እንዲመረምር አላስገደደውም፤ ስለዚህ እንዳይናገር ብሎ እንዳያውቅ የሚጠነቀቅ ሰው አይጠፋም። ሕጉ በዚህ በኩል ደካማ ነው፤ የሰው ሕግ ሁሉ ግን ያላወቀውን ሰው ለመቅጣት ያፍራል።

ይህን የመሰለ ሸክም በባለቤቱ ላይ የሚጥል ሰው ባዶ እጁን ሊመጣ አይገባውም። ካህኑ አስቀድሞ ዕቃውን አስወጣ፤ ቀጥሎም የሚጠገንበትን መንገድ ነገረ። ታኅሣሥ 11 ቀን 1980 ዓ.ም. ካርተር የፈረመው ሕግ፥ መርዝ የተቀበረባቸውን ቦታዎች ለማጽዳት ገንዘብ እንዲቈረጥና ያበላሸው ሰው ወጪውን እንዲከፍል ያደረገው፥ ለዚህ ነገር ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። ከዚያ በፊት ለባለቤቱ የሚነገረው መርዝ አለ የሚል ቃል ብቻ ነበር፤ ምን ላድርግ ለሚለው የሚመልስ አልነበረም።

የመጨረሻው የመንገር ዕዳ የሚረሳው ነው፤ ንጹሕ ሆኖ የተገኘውን ንጹሕ ነው ብሎ መናገር። መርማሪ መጥፎ ያገኘ ጊዜ በጋዜጣ ይናገራል፥ መልካም ያገኘ ጊዜ ግን ወረቀቱን አስቀምጦ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ የቤቱም ስም እንደ ጠፋ ይቀራል። በኦሪቱ ግን ካህኑ ለመልካሙም ውጤት እንዲመለስ ታዝዟል፤ አንዱ ወፍ በሜዳ ሲለቀቅ አገሩ ሁሉ ያያል። በላቭ ካናል በ1988 ዓ.ም. የክፍለ ግዛቱ የጤና ኃላፊ ከአካባቢው ከፊሉ ሰው ሊኖርበት እንደሚችል ተናገረ፤ ቤቶቹ ታድሰው መንደሩም አዲስ ስም ተሰጥቶት ተሸጡ፤ በ2004 ዓ.ም. ቦታው ከአደገኞቹ ስፍራዎች መዝገብ ወጣ። ከአዲሶቹ ነዋሪዎች ግን አንዳንዶቹ በኋላ ታምመናል ብለው ክስ አቅርበዋል፤ አንድ ጊዜ የተሸሸገበት ስፍራ ንጹሕ ነው ሲባል የሚያምነው ጥቂት ነውና። የተቀበረው ቆሻሻ ራሱ አልወጣም። በሸክላ አፈርና በፕላስቲክ ተሸፍኖ፥ በአጥር ተከብቦ እዚያው አለ፤ በዙሪያው ካሉት ጕድጓዶችም ውሃ በየጊዜው እየተቀዳ ይመረመራል።